ለሊማሊሞ ቁልቁል የአደጋ ጊዜ የድሮን ኔትወርክ፦ ባትሪውን የሚጨርሰው ሬዲዮው ነው ወይስ በረራው?

ጠያቂ፦ ቀሃ ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። እዚሁ ጎንደር በኤሌክትሪካል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝሁት ርእስ፣ በድንገተኛ አደጋ ምክንያት የስልክ ኔትወርክ ሲቋረጥ በድሮን ላይ በሚጫን አነስተኛ ጣቢያ ግንኙነቱን ለጊዜው መተካት ይቻል እንደ ሆነ የሚመረምር ነው። ለጥናቱ የመረጥሁት ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወርደውን አገር ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ በክረምት ናዳ ሲዘጋው ከገደሉ ግርጌ ያለው ነዋሪ ከላይ ካለው ጋር የሚገናኝበት ከስልክ የተሻለ አማራጭ የለውም።

ወደዚህ ርእስ የሳበኝ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ነው። ከ200 በላይ ሰዎች ያለቁበት ያ አደጋ ይበልጥ የከፋው፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ በተከታዩ ናዳ ስለ ተያዘ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከቦታው የሚወጣና ወደ ቦታው የሚገባ መልእክት የደቂቃዎች ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው።

በውጭ አገር የተሞከረውን አንብቤአለሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከደሴቲቱ የስልክ ጣቢያዎች ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ አገልግሎት አቁመው ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በገመድ ኃይል የሚያገኝና 60 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚቆም ድሮን አሰማርቶ፣ እስከ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ስፋት የድምፅ፣ የጽሑፍና የኢንተርኔት አገልግሎት እንደሚሰጥ ገልጾ ነበር። ያነበብኋቸው ጥናቶች ግን በአብዛኛው የሚያተኩሩት የሬዲዮውን የማሠራጫ ኃይል በመቀነስ፣ በአንድ ጁል ጉልበት የሚተላለፈውን መረጃ በማብዛትና የተሻለውን ከፍታ በስሌት በማግኘት ላይ ነው።

እናንተን የምጠይቀው ይህን ነው። የማሠራጫ ኃይልን መቀነስ ለበረራው ጊዜ ምን ያህል ይጠቅማል? ባለ አራት ሞተር፣ ባለ ቋሚ ክንፍ እና በገመድ የታሰረ ድሮን ሲነጻጸሩ ለዚህ አገር የሚስማማው የትኛው ነው? እየተፈራረቁ እንዲበሩ ቢደረግ አንዱን ቦታ ቀን ከሌት ለመሸፈን ስንት ድሮን ያስፈልጋል? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ታላቅ ውለታ ነው።


መልስ፦ ባለሙያ ዘአዘዞ

ጥያቄዎ ጥሩ ስለ ሆነ በቁጥር ልመልስልዎ እሞክራለሁ። ለምሳሌ ያህል ብዙ ሰው የሚያውቀውን የዲጄአይ ማትሪስ 300 የተባለ ባለ አራት ሞተር ድሮን እንውሰድ። ሁለቱ ባትሪዎቹ እያንዳንዳቸው 274፣ በድምሩ 548 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ፤ ምንም ሳይሸከም እስከ 55 ደቂቃ ይበራል ይባላል። የባትሪውን ጉልበት ለበረራው ጊዜ ብናካፍል፣ ድሮኑ አየር ላይ ለመቆየት ብቻ 600 ዋት ያህል እንደሚበላ እናገኛለን። ክብደቱ ከነባትሪው 6.3 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን የሬዲዮ ጣቢያ ብንጭንበት፣ ለማንዣበብ የሚያስፈልገው ኃይል በክብደቱ ልክ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በሚበልጥ ፍጥነት ስለሚጨምር፣ ፍጆታው ወደ 830 ዋት ይጠጋል።

አሁን ደግሞ አገራችንን እንጨምርበት። አምራቾች የሚጽፉት የበረራ ጊዜ በባሕር ወለል አካባቢ፣ ነፋስ በሌለበት የተለካ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ይሳሳል፤ በሳሳ አየር ላይ ተመሳሳይ ክብደት ለማንሣት ሞተሩ የበለጠ ኃይል ያወጣል። ጭማሪው እዚህ ጎንደር ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን፣ በሰሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ላይ ባለው ጨነቅ አካባቢ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዝቅ ያለውን የጎንደርን ግምት ብንወስድ እንኳ ድሮኑ 930 ዋት ያህል ይፈልጋል። ከባትሪው አንድ አምስተኛውን ለመመለሻና ለደኅንነት ካስቀረን 438 ዋት-ሰዓት ይቀራል፤ ይህም 28 ደቂቃ ነው። 55 ደቂቃ ተብሎ የተገዛ መሣሪያ እኛ ጋ ሲደርስ 28 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመጣ፣ አንድ ዋት የሚያሠራጭ ሬዲዮ ማጉያው 30 በመቶ ብቃት ቢኖረው ከባትሪው 3.3 ዋት ያህል ይስባል። የማሠራጫውን ኃይል በግማሽ ብትቀንሱት የምታተርፉት 1.7 ዋት ያህል ነው። 1.7 ዋት ከ930 ዋት ጋር ሲነጻጸር ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ከ28 ደቂቃ በረራ ላይ የሚጨምርልዎ ሦስት ሰከንድ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች በዚህች ሦስት ሰከንድ ላይ መጻፋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥቅም ያለው ቁጠባ ያለው በረራው ላይ ነው። ዜንግ፣ ሹ እና ዣንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት የታወቀ ስሌት፣ ባለ ሽክርክሪት ክንፍ ድሮን አንድ ቦታ ላይ ሲያንዣብብ 168 ዋት የሚበላ ከሆነ፣ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲበር ግን 126 ዋት ይበቃዋል። ቆሞ ከማንዣበብ ይልቅ ሰፋ ያለ ክብ እየሠራ ቀስ ብሎ ቢዞር ሩቡን ያህል ኃይል ይቆጥባል ማለት ነው። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ፍጆታው መልሶ ይጨምራል። ቁጥሮቹ የዚያ የተወሰነ ድሮን ናቸው፤ የመስመሩ ቅርጽ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

ባለ ቋሚ ክንፍ ድሮን በክንፉ ስለሚደገፍ ለሰዓታት ይበራል፤ ሆኖም መቆም አይችልም፣ መነሻና ማረፊያ ሜዳም ይፈልጋል። የሊማሊሞን የገደል ነፋስ ስለማውቅ ለጀማሪ አልመክረውም።

በገመድ የታሰረውን በሚመለከት፣ ዋናው ብልሃት ቮልቴጁ ላይ ነው። 930 ዋትን በ24 ቮልት ለመላክ 39 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ400 ቮልት ቢላክ ግን 2.3 አምፔር ይበቃል። በገመዱ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ በአንድ ዓይነት ገመድ ብክነቱ ከ270 ጊዜ በላይ ይቀንሳል፤ ለዚህም ነው ቀጭንና ቀላል ገመድ መጠቀም የሚቻለው። ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጄኔሬተሩና ነዳጁ ድሮኑ ያለበት ቦታ ድረስ መድረስ አለባቸው፤ መንገዱ የተዘጋው ደግሞ እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ መብረቅ በሚወርድበት ተራራ ላይ መቶ ሜትር መዳብ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ከሥሩ መቆም የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም።

ስለ ፍርርቁም እንዲሁ በአጭሩ፦ አንዱን ቦታ ለ24 ሰዓት ለመሸፈን በ28 ደቂቃ ስሌት ከ50 በላይ በረራዎችና ከ22 ኪሎ ዋት-ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል። ድሮኖቹን ቢያገኙ እንኳ ባትሪዎቹን የሚሞላ ኃይል ከየት ይመጣል?


መልስ፦ የድሮ ታወርተኛ

ልጄ፣ ከላይ የጻፉት ባለሙያ ስለ በረራው ያሉትን አልነካም። እኔ በታወር ጥገና ላይ ረጅም ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝና ከሥር ካለው ነገር ልጀምርልሽ።

ታወር ብዙውን ጊዜ በአደጋ ቀን አይወድቅም። የሚሆነው፣ መብራት ይጠፋል፤ የጣቢያው ባትሪ ለተወሰኑ ሰዓታት ይይዛል፤ ጄኔሬተር ካለ ነዳጁ እስኪያልቅ ይሠራል፤ መንገዱ ስለ ተዘጋ ነዳጅ የሚያደርስ መኪና አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ጣቢያው ጸጥ ይላል። ወይም ጣቢያው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ከሌላው ታወር ጋር የሚያገናኘው የማይክሮዌቭ መስመር ተቀባዩ ጣቢያ ኃይል ስላጣ ብቻ ይቋረጣል። ስለዚህ ድሮን ከማሰብሽ በፊት የትኛው ጉዳት እንደ ደረሰ መለየት ያስፈልጋል። የጠፋው ነዳጅ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ጀሪካን የጫነ በቅሎ ከድሮን ይሻላል፤ ይህን ስል እያፌዝሁ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሲም ካርድ ነው። የኤልቲኢ (4ጂ) ጣቢያ በድሮን ላይ ሰቅለሽ ብታበሪ የሕዝቡ ስልክ ዝም ብሎ አይገባልሽም። በሲሙ ውስጥ ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ተጓዳኙ የሚገኘው በኦፕሬተሩ ዋና ማእከል ነው፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ስልኩ አይመዘገብም። ስለዚህ ወይ ድሮኑን ከማእከሉ ጋር የሚያገናኝ የሳተላይት ወይም የማይክሮዌቭ መስመር ያስፈልግሻል፣ ወይም ደግሞ ጣቢያው ከማእከሉ ተነጥሎ በራሱ የሚሠራበት ሥርዐት ያስፈልግሻል። ይህ ሁለተኛው በዓለም አቀፉ ደረጃ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ለሕዝብ ደኅንነት ተቋማት ተብሎ የገባ ሲሆን፣ የሚያገለግለው ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ልዩ ሲም ለያዙ ሠራተኞች ነው እንጂ ለመላው ሕዝብ አይደለም። ለሕዝቡ ስልክ፣ ያልተመዘገበም ቢሆን፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ የድንገተኛ ጥሪ ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ ያም ጥሪ የሚያነሣው ሰው ከሌላ ዳር መኖር አለበት።

ሌላም አለ። ከሊማሊሞ በታች ባሉት መንደሮች በብዙ ሰው እጅ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱ ኤልቲኢ የሚባል ነገር አያውቅም። በ2ጂ ደግሞ ኔትወርኩ ስልኩን ያረጋግጣል እንጂ ስልኩ ኔትወርኩን ስለማያረጋግጥ ጣቢያ ማቆሙ በቴክኒክ ይቀላል፤ በሕግ ግን ያለ ኦፕሬተሩና ያለ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚነካ አይደለም። የማሠራጫ ሞገዱ የተመደበ ነው፤ የሌላውን ጣቢያ ያውካልና።

ከኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ከሳፋሪኮም ጋር ሳትነጋገሪ የምትጽፊው ጽሑፍ ወረቀት ላይ ብቻ የሚበር ድሮን ይሆናል።


መልስ፦ ነርስ ደባርቅ

ሰላም እህቴ። የቴክኒኩን ነገር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ ከጤናው በኩል የሚጎድለውን ልናገር። በላይ ያሉት ሁሉ ስለ ስልክ ጥሪ እየተነጋገሩ ይመስላል፤ ለእኛ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያስፈልገን ጥሪ አይደለም። የሚያስፈልገን፣ አደጋው የት ጎጥ ላይ እንደ ደረሰ፣ ስንት ሰው እንደ ተጎዳ፣ ከእነሱ ውስጥ ደም የሚፈሰው ወይም መተንፈስ ያቃተው ስንቱ እንደ ሆነ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት መኖር አለመኖሯን፣ መሬቱ አሁንም የሚንሸራተት መሆን አለመሆኑን፣ በየትኛው በኩል በእግር መግባት እንደሚቻል ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ ከሁለት መቶ ፊደል አይበልጥም። በዚያ ላይ ተመሥርተን ቃሬዛ፣ ደም ማቆሚያ፣ ፈሳሽ ምን ያህል ይዘን እንደምንወጣና ከደባርቅ አልፎ ወደ ጎንደር ሪፈር የሚባለው ማን እንደሚሆን እንወስናለን።

ጥሪ ለሁሉም ሲከፈት የሚሆነውንም አስቢው። ሁሉም ዘመዱን ለመጠየቅ ይደውላል፤ መስመሩ ይጨናነቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተራ አጥታ ትቆማለች። በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ የተዘረጋው ሥርዐት ስላለ፣ መሣሪያው በእነሱና በቀበሌ ሊቀመንበሩ እጅ ቢሆን፣ ድሮኑም የሚያገለግለው እነሱን ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ለሕዝቡ ደግሞ ከላይ ወደ ታች አንድ አጭር ማስጠንቀቂያ ቢደርሰው፣ ለምሳሌ «ከናዳው ሥር ራቁ፣ ሁለተኛ ሊመጣ ይችላል» የሚል፣ ከሺህ ጥሪ ይበልጣል። አንቺ ራስሽ ያነሣሽው የጎፋው ጉዳይ ይህን አያሳይም?


ጠያቂ፦ ቀሃ ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰጣችሁኝን መልስ አንድ ላይ ሳየው ጥያቄዬ እየጠበበ መጥቷል። የሚተላለፈው መልእክት ሁለት መቶ ፊደል ከሆነ፣ ተጠቃሚዎቹም የታወቁ ሰዎች ከሆኑ፣ ሎራ በሚባለው አነስተኛ ፍጥነትና ረጅም ርቀት ባለው ሬዲዮ መሥራት ይቻላል፤ ጣቢያውም ከአንድ ዋት ያነሰ ይበላል። ይሁንና ድሮኑ አየር ላይ እስካለ ድረስ፣ ባለሙያው እንዳሉት፣ ሬዲዮው አንድ ዋት በላ ሠላሳ ዋት በላ ያው 28 ደቂቃ ነው። ታዲያ ድሮኑ ባይበርስ? ከገደሉ አፋፍ ላይ አርፎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሬዲዮው ብቻ እንዲሠራ ቢደረግ ምን ችግር ይገጥመኛል? ወደ ታች አገሩን ለማየት ከፍታው የግድ በበረራ መገኘት አለበት?


መልስ፦ ባለሙያ ዘአዘዞ

አሁን ትክክለኛውን በር አንኳኩ። በቁጥር እንየው።

ከ548 ዋት-ሰዓት ውስጥ 300 ያህሉን ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለመጠባበቂያ ብናስቀር 240 ዋት-ሰዓት ያህል ይተርፋል። አርፎ የሚሠራው ሬዲዮ ከነኮምፒውተሩ 30 ዋት የሚበላ የኤልቲኢ ጣቢያ ቢሆን፣ 240ን ለ30 ስናካፍል ስምንት ሰዓት እናገኛለን። ያው ባትሪ ማለት ነው። ያቺ ከማሠራጫው ላይ የምትቆጠበው 1.7 ዋት በአየር ላይ ሦስት ሰከንድ ነበረች፤ መሬት ላይ ሲሆን ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ትጨምራለች። ስለዚህ ያነበቧቸው የቁጠባ ስልቶች ዋጋ የሚያገኙት ድሮኑ ሲያርፍ ነው፤ ጽሑፍዎም ከሌሎቹ የሚለይበት ነጥብ ይህ ቢሆን እመርጣለሁ። ጣቢያው በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነቅቶ ቀሪውን ጊዜ በአንድ ዋት ቢያሸልብ፣ አማካይ ፍጆታው ከስድስት ዋት በታች ስለሚሆን ከ40 ሰዓት በላይ ይቆያል። ነዋሪው ሰዓቱን አስቀድሞ ካወቀ ይህ በቂ ነው። በሎራ ከሆነ፣ በአንድ ዋት ስሌት አሥር ቀን ይደርሳል። እንዲያውም መቶ ግራሞች ብቻ የሚመዝን የሎራ ሳጥን ከሆነ ድሮኑ አድርሶት፣ አስቀምጦት መመለስ ይችላል፤ ያኔ ለመመለሻ የሚጠበቅ ባትሪ እዚያ ላይ አይባክንም፤ ድሮኑም ለሌላ ሥራ ይተርፋል።

ከፍታውን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አል-ሁራኒና ባልደረቦቹ ባቀረቡት ስሌት፣ ሰፊ ቦታ ለመሸፈን የሚመቸው ከመሬት ወደ ጣቢያው የሚታየው ማእዘን ቤት በሳሳበት ሰፈር 20 ዲግሪ ገደማ፣ በከተማ 42 ዲግሪ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ስሌት፣ ድሮኑ 100 ሜትር ላይ ቢያንዣብብ ያ ማእዘን የሚገኘው 270 ሜትር ርቀት ላይ ነው። የሊማሊሞ አፋፍ ግን ከሥሩ ካለው አገር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይበልጣል፤ በዚያው ማእዘን 2.7 ኪሎ ሜትር ያዳርሳል። ሌላው ዓለም ባትሪ እያቃጠለ የሚገዛውን ከፍታ እኛ ተራራው በነጻ ሰጥቶናል። ስሌቱ የተሠራው ለሕንጻ እንጂ ለገደል እንዳልሆነ ግን በጽሑፍዎ ይግለጹ፤ እዚህ የሚጋርደው ግንብ ሳይሆን የተራራው ወገብ ነው።

ለርቀቱም ስጋት አይግባዎ። በ900 ሜጋኸርዝ፣ መካከሉ ካልተጋረደ፣ በአምስት ኪሎ ሜትር ላይ የሚጠፋው ጉልበት 105 ዴሲቤል ተኩል ያህል ነው፤ የተራ ስልክ ማሠራጫ ይህን ይወጣዋል። ዋይፋይ ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ ከስልኩ አነስተኛ ኃይል ጋር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ያስቸግረዋል፤ አቅጣጫ ያለው አንቴና ካልተጨመረ ለዚህ ቦታ አይሆንም።

ሌላ ጥቅምም አለው። በክረምት በሰሜን ተራሮች ላይ ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ሲል ከሰዓት ጉምና ነጎድጓድ ይወርዳል። በራሪው ድሮን አገልግሎቱን የሚሰጠው መብረር በሚችልበት ሰዓት ብቻ ነው። የሚያርፈው ግን ጠዋት ገብቶ ተቀምጦ ከሰዓቱን ዶፍ ሳይበር ያሳልፈዋል፤ ጉም ደግሞ በዚህ ሞገድ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስም። ችግሩ ማረፊያው ነው። አፋፉ ላይ ደልደል ያለ፣ ሣሩ ሽክርክሪቱን የማይነካ፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ አስቀድሞ በእግር ታይቶ መመረጥ አለበት፤ ለመጨረሻዎቹ ሜትሮችም የአየር ግፊት መለኪያው ብቻ ስለማይታመን ወደ ታች የሚለካ የሌዘር ከፍታ መለኪያ ይጨምሩ። አንቴናውም መሬት ላይ እንዳይለጠፍ እግሩ ላይ በሚቆም አጭር ዘንግ ከፍ ይበል።


መልስ፦ ካርታ አንሺ

እኔ በድሮን የመሬት ካርታ የማነሣ ባለሙያ ነኝ፤ ጥቂት ነገር ልጨምር። ማረፊያ ቦታውን ስትመርጡ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቁራን አትርሱ። ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ግን አፋፉ የእነሱ ሰፈር ነው፤ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ሣር ላይ ተቀምጦ ሲያገኙ ዝም ብለው አያልፉም። የማያብረቀርቅ ሽፋንና ገመድ የማይታይበት ሳጥን ያስፈልጋል። ቦታው በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ከሆነም የፓርኩ ፈቃድ ተጨማሪ ነው።

ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ይጠየቃል። ናዳ ከወረደ በኋላ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞር ዋጋ ስለሌለው፣ ፈቃዱ ከክረምቱ በፊት በአደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በኩል የበረራ ቦታውና የሚያበርሩት ሰዎች ተለይተው ማለቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ላሳስብ። በዚህ ዘመን በአካባቢያችን የድሮን ድምፅ ሰውን የሚያስደነግጥ ሆኗል፤ ሕፃናት ሲሰሙት ይደበቃሉ፣ ገበያ ይበተናል። ለእርዳታ የተላከ ድሮን ሕዝቡን ከናዳ አሽሽቶ ወደ ሌላ ናዳ እንዳይነዳው፣ ከክረምቱ በፊት በቀበሌ ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነገሩ መነገር አለበት። ድሮኑም ጎልቶ የሚታይ ቀለም ቢቀባ፣ ነዋሪው በተቀመጠበት ቀርቦ እንዲያየው ቢደረግ ይረዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ሞተሩን አጥፍቶ የሚቀመጥ ድሮን እኔ የምደግፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከባትሪው ባልተናነሰ ጸጥታው ይጠቅማል።


ጠያቂ፦ ቀሃ ዳር

ስለ ሕዝቡ ስሜት ያሉት በጽሑፌ ራሱን የቻለ ክፍል ይገባዋል፤ እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። የማረፊያ ነጥቦቹን ለመምረጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመንኮራኩር የተለካውንና በነጻ የሚገኘውን የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ ልጠቀም አስቤአለሁ። ከእያንዳንዱ ነጥብ የትኛው ጎጥ እንደሚታይ በኮምፒውተር አስልቼ፣ ከሁሉም ውስጥ በቁጥር ጥቂት ሆነው ብዙ ቤት የሚሸፍኑትን እመርጣለሁ። ይህ ይበቃል?


መልስ፦ ካርታ አንሺ

ለመጀመሪያው ማጣሪያ ይበቃል፤ ለመጨረሻው ውሳኔ አይበቃም። የ30 ሜትሩ መረጃ በእያንዳንዱ ሠላሳ ሜትር ውስጥ ያለውን ከፍታ በአንድ ቁጥር ስለሚወክል፣ እንደ ሊማሊሞ ያለ ቀጥ ያለ ገደል ላይ የአፋፉን ጠርዝ ያለዝበዋል። ኮምፒውተሩ «ይታያል» ያለው ጎጥ ከአፋፉ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ካረፋችሁ በጠርዙ ሊጋረድ ይችላል፤ «አይታይም» ያለውም ጠርዙ ላይ ስትቆሙ ወለል ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከስሌቱ አምስት ስድስት ነጥብ አውጡና በበጋ፣ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ በእግር ሂዱባቸው። አንድ ሰው የሎራ መሣሪያ ይዞ አፋፉ ላይ ይቀመጥ፤ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ በየጎጡ፣ በተለይም በጤና ኬላው ደጅና በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ እየቆመ መልእክት ይላክ። የደረሰውንና ያልደረሰውን፣ የምልክቱንም ጥንካሬ መዝግቡ። ለዚህ ሥራ ድሮን እንኳ አያስፈልጋችሁም።


መልስ፦ የድሮ ታወርተኛ

በእግር ስትሄዱ የቀድሞዎቹን የማይክሮዌቭ ኮረብቶች እዩ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ሳይኖር በመነጽርና በመስታወት ነጸብራቅ የተመረጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ላይ የጥበቃ ቤት፣ ደልዳላ መሬትና የእግር መንገድ ይገኛል። ጥበቃዎቹ ደመናው ስንት ሰዓት እንደሚወርድና ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ ከማንም በላይ ስለሚያውቁ መጀመሪያ እነሱን አነጋግሪ፤ ማረፊያሽን የሚጠብቅልሽም ከእነሱ መካከል ታገኛለሽ።